የመብራት ማማው ሹመት

ካፒቴን ኦባድያ ክሮዌል ከጸሎት ቤት ሲወጣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበር። ያቃጠለው ልጁ ሲላስ ነው። መጋቢው ገና ስብከታቸውን ሳያጋምሱ፣ ሲላስ በቤተሰቡ አግዳሚ ላይ ተንጋሎ ማንኮራፋት ጀመረ። እንቅልፋም መቀስቀስ ሥራው የሆነው ሽማግሌ ረጅሙን በትር ዘርግቶ አናቱን መታ ቢያደርገው፣ "መልሕቁን ጣሉ!" ብሎ ብድግ አለና ምእመኑን ሁሉ በሳቅ ገደለው። ሌላ አባት ቢሆን አብሮ ይስቅ ነበር። ካፒቴኑ ግን በማግስቱ ይህንኑ ልጅ ሌሊት ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየው የመብራት ማማ ጠባቂ አድርጎ ሊያሾም ቆርጦ የተነሣ ሰው ነው፤ በየት በኩል ሳቅ ይምጣለት?

የቀድሞው ጠባቂ በፀደይ ሞቷል። በአዲሱ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሿሚው ፊላደልፊያ ያሉት ፕሬዚዳንት ናቸው። እሳቸው የእኛን መንደር ሰው ከየት ያውቁታል? የጉምሩክ ሹሙን ይጠይቃሉ፤ የጉምሩክ ሹሙ ደግሞ ካፒቴን ክሮዌልን ይጠይቃል። እንግዲህ ሹመቱ ያለው ካፒቴኑ ምላስ ላይ ነው ማለት ነው።

ዝናቡ በድንገት ሲወርድ ካፒቴኑ ወደ ፈረሶቹ መጠለያ ሮጠ። እዚያም ወጣቱ መምህር አሳ ፔይን ቆሞ ኖሯል።

"እንደምን ዋሉ፣ ካፒቴን?"

"ምን መዋል አለ! አየህልኝ ያንን ጎረምሳ?"

"አየሁ፤ ሰማሁም።" አሳ ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ለመሆኑ ነገ የማንን ስም ሊሰጡ አስበዋል?"

"የልጄን ነዋ! ሁለቱ ወንድሞቹ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር በተደረገው ጦርነት ቀሩ። ይህ መንግሥት የቆመው በእነሱ ደም ነው። የተረፈኝ አንድ ወንድ ልጅ ማማው ሥር የዕለት ጉርሱን ቢያገኝ ማን ቅር ይለዋል?"

"ውለታዎን የሚረሳ ሰው እዚህ መንደር የለም። ግን ሹመት ለካሳ ይሰጣል እንዴ?"

"ለምን አይሰጥም? አግዳሚያችን ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ ወርዷል። ማንም ለምን አላለንም!"

"አግዳሚው የራስዎ ነው፣ ካፒቴን። ሲላስ እዚያ ቢተኛ የሚያመልጠው ስብከት ነው። ማማው ላይ ቢተኛስ?"

ካፒቴኑ ጢሙን ነጨ። "እሺ አንተ የተማርከው፣ ማንን ልበል?"

"ዓሣ አጥማጁን ዮቶር ስኖውን።"

"ምን ቆርጦህ! ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ አዳራሽ መሃል ቆሞ 'ካፒቴኑ ዘውድ አማረው' ያለኝን? ከዚያ ወዲህ እኮ ሰላም ብዬው አላውቅም!"

"ብሏል፤ ተሳስቷልም። ግን ጭጋግ በወረደ ቁጥር ማንም ሳያዘው ገደሉ ጫፍ ላይ ፋኖስ ይዞ የሚያድረው ማነው?"

"እሱ ነው" አለ ካፒቴኑ በግድ። "አልክድም።"

"የጉምሩክ ሹሙስ የጠየቀዎት ሥራውን የሚችል ሰው ነው ወይስ የሚወድዎትን? በንጉሡ ዘመን እዚህ ወደብ ላይ የነበረውን ሹም ያስታውሱታል?"

"የአንድ ሎርድ አማች የነበረውን? ያንን ጉረኛ! የመርከብ ፊትና ኋላ እንኳ አይለይም ነበር!"

"ማን አሾመው?"

"አማቱ ነዋ!"

"ታዲያ ልጆችዎ የሞቱት በአማች ፈንታ ልጅ እንዲሾም ነው?"

አሳ ይህ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ። እውነት ቢሆንም ለአዛውንት እንዲህ አይባልም፤ ሐዘን ያለበትን አባት እንዲህ አይወጉትም። ካፒቴኑ ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ።

"ይቅር ይበሉኝ" አለ አሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። መርከብ ሲያዙ ሲላስን የሌሊት ዘብ አቁመውት ያውቃሉ?"

"አንድ ጊዜ። ከዚህ ከወደባችን አፍ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ልንላተም ለጥቂት ተረፍን። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት አስገባሁት።"

"ምነው? ልጅዎ አይደል?"

"ልጄ ቢሆንስ! የስንቱ ነፍስ በእጄ ነበር!"

የገዛ ድምፁን የሰማ ያን ጊዜ ነው። ለፈረስ መወጣጫ በተቀመጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"የልጄ የሩት ባል በመከር ከባሕር ይመለሳል" አለ። "በዚያው በወደቡ ድንጋይ አጠገብ ነው የሚያልፈው።" ቀጥሎም፣ "ግን ይሄን ልጅ በአገር ፊት ላዋርደው?"

ይህን ሲል ሲላስ የአባቱን ካፖርት በራሱ ላይ ጣል አድርጎ እየሮጠ መጣ። ካፒቴኑ ዐይኑን ሳያነሣ፣ "ሲላስ፣ ማማውን ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው" አለው።

"ተመስገን!" አለ ሲላስ። "አባባ፣ የዚህን ሹመት ነገር ካነሡ ጀምሮ ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። መርከብ ሲሰበር እያየሁ እባንናለሁ።"

"ምነው ታዲያ ብትነግረኝ?"

"ማን ደፍሮ! የወንድሞቼን ስም እየጠሩ ሲሾሙኝ አልፈልግም ልበልዎት?"

ካፒቴኑ ልጁን አንገቱን ይዞ ወደ ራሱ ሳበው። ለረጅም ጊዜም አልለቀቀውም።

በማግስቱ ለጉምሩክ ሹሙ የዮቶርን ስም ሰጠ። ከዚያም በእግሩ ዮቶር ቤት ሄደ። ዮቶር መረቡን እየጠገነ ቀና ብሎ፣ "ሊያላግጡብኝ ነው የመጡት?" አለው።

"ስድብህን አልረሳሁትም" አለ ካፒቴኑ። "ነገር ግን ለማማው ከአንተ የተሻለ ሰው የለንም። ሌላ ጊዜ እንጣላለን።"

ዮቶር መረቡን አስቀምጦ እጁን ዘረጋለት።

ሹመቱም ከፊላደልፊያ መጣና ዮቶር ማማውን ተረከበ። በዚያው መከር የሩት ባል በከባድ ጭጋግ መጥቶ፣ የማማውን ብርሃን አይቶ መርከቡን ከድንጋዩ አራቀ፤ ሚስቱንም በደኅና አቀፈ። ሲላስ መንገደኛ ማረፊያው ውስጥ የዓሣ ሾርባ ይሠራል፤ ሰው ከሩቅ መንደር ይመጣለታል። አባቱም ከእንግዲህ በልጁ አያፍርም። ሥራ ለሚችለው ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ የተሾመውም ያልተሾመውም ያርፋል፣ ባሕር ላይ ያለውም ቤቱ ይገባል።

አንድ እሑድ ታዲያ መጋቢው ሲሰብኩ ኋላ አግዳሚ ላይ አንድ ሰው አንኮራፋ። ዮቶር ነበር። ሽማግሌው በትሩን አንሥቶ ሲጠጋው ካፒቴን ክሮዌል ከመቀመጫው ተነሣና በትሩን በእጁ ያዘ።

"ተወው" አለ፣ ሁሉም እየሰማው። "እሱ ሌሊቱን ለእኛ ነቅቶ ነው ያደረው።"

ሽማግሌውም በትሩን መለሰ።