ዝናብ የወሰደው የወይዘሮ የዓለምወርቅ ሥዕል

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ኃይሌ፣ ከመንዝ በወታደርነት መጥተው ነገሌ ቦረና ላይ ከቀሩት ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ኃይሌ ደስታ እና የሊበን ተወላጅ ከሆኑት ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦጋለች ዱባ፣ በ1955 ዓ.ም. ዛሬ እርሳቸውን በምንሸኝበት በዚሁ ከተማ ተወለዱ። ይህን ዜና ሕይወት የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ተክሉ ነው። ልጆቻቸው ጽፈው የሰጡት ወረቀት አለ፤ አጭርና ጨዋ ወረቀት ነው፤ እርሱ ግን ኪሱ ውስጥ ይቆይ። የሞተ ሁሉ ደግ፣ የቀረ ሁሉ አፍቃሪ ነበር ማለት ልማዳችን መሆኑን ያውቃል፤ እኅቱን ግን በልማድ ሸኝቶ ቤቱ ገብቶ እህል አይበላለትም።

የልጅነታቸው ነገር ረጅም አይደለም። ከአባታቸው ጋር በአማርኛ፣ ከእናታቸው ጋር በኦሮምኛ እያወሩ፣ በአንዱ ተቆጥተው በሌላው እየታረቁ አደጉ፤ ትምህርታቸውን በነገሌ ከጨረሱ በኋላ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1976 ዓ.ም. ሞያሌ ተመደቡ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ጦሩ ሲበተንና ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ አባታቸውም የደንብ ልብሳቸውን አጥፈው በዚያው ዓመት ሲሞቱ፣ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ሥራ ፈትተው ሞያሌ ተቀመጡ፤ አንድ ቀንም ከድንበሩ ማዶ ከመጣ ሸቀጥ መካከል ለሕፃናት የተሠራ የውሃ ቀለም በቆርቆሮ ሣጥን አግኝተው ገዙ። የመጀመሪያ ሥዕላቸው የኬላው ገመድ ነበር፤ የሚጠብቀው ሰው ጠፍቶ መሬት ላይ የተኛ ገመድ። ለምን እርሱን እንደ ሣሉ ሲጠየቁ፣ ከፊቴ ያለው እርሱ ስለ ነበር ነው ብለዋል።

በ1985 ዓ.ም. ወደ ነገሌ ተዛውረው ከአቶ ሽመልስ አበራ ጋር ተጋቡ፤ አቶ ሽመልስ ከፊልቱ ከብት፣ ከሞያሌ ሸቀጥ የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። አምሀን፣ ሀይማኖትንና ረሆቦትን ወለዱ። ቤቱ የሾፌር ቤት ነው፤ መኪና በተበላሸ ቁጥር ረዳቱ እዚያ ያድራል፣ ነጋዴው እዚያ ይበላል፣ የባል ዘመድ ለሕክምና ሲመጣ እዚያ ይከርማል። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጠዋት ያስተምራሉ፣ ከሰዓት ደብተር ያርማሉ፣ በመካከሉ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ልጅ ያስጠናሉ፤ ሥዕሉን ያስገቡት በዚህ ሁሉ ስንጥቅ ነው። የውሃ ቀለም አንድ ጠባይ አለው፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበበት ይበላሻል። እርሳቸው የመጀመሪያውን ቀብተው ወደ ሽንኩርታቸው ይሄዳሉ፤ ሽንኩርቱ እስኪቀላ በነገሌ ፀሐይ ወረቀቱ ደርቆ ይጠብቃቸዋል፤ በርበሬውን ጨምረው ተመልሰው ሁለተኛውን ይደርባሉ። ወጥ አርሮባቸው አያውቅም ማለት ውሸት ነው፤ አርሯል፤ ያረረ ዕለትም ቤት ሙሉ ሰው ወር አውርቶታል።

የሚሥሉት ደግሞ ሌላው ሰው አየሁት የማይለውን ነው። ቢጫ ጀሪካን ቦኖ ላይ ተሰልፎ፣ የልጆች ካልሲ በገመድ ላይ፣ ኦቦ ጣዲቻ ውሃ የሚያመላልሱበትን ጋሪ ከነአህያው፣ ወይዘሮ ፋርሂያ የግመል ወተታቸውን አስቀምጠው ጥላ ሥር ሲያንጎላጁ። ዘመድ መጥቶ ሲያይ፣ ምነው ቅዱስ ጊዮርጊስን ብትሥይ፣ ምነው አንበሳ ብትሥይ፣ ጀሪካንማ በየቤታችን ሞልቷል ይላቸው ነበር። የባላቸው እኅት ወይዘሮ እሙሽ፣ ‘ውሃ በጋሪ እየተገዛ በብሩሽ የምትጫወትበት መምህርት’ እያሉ በየሠርጉ በየክርስትናው ያሥቁባቸው ነበር። ወይዘሮ እሙሽ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ይስሙት፤ ቀልዱ ያን ጊዜም አያሥቅም ነበር። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ብሩሻቸውን የሚያጥቡት በአንድ ሲኒ ውሃ ነበር፤ እርሱንም ከራሳቸው መጠጥ ቀንሰው ነው።

አቶ ሽመልስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሚስታቸውን መትተው አያውቁም፣ የመምህርነት ደመወዛቸውንም አልነኩም፤ ሥዕሉን ግን በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ጎንበስ ብለው አላዩትም። እንግዳ ሲመጣ፣ ሰብስቢው እስቲ ይሄን፣ የሚሉት እርሱን ነበር። አምሀ በልጅነቱ በአንዱ ሥዕል ጀርባ ላይ ለትምህርት ቤት ካርታ ሣለ፤ ጎበዝ ተብሎ ተሸለመ፤ ገልብጦ ፊቱን ያየ የለም። ወይዘሮ የዓለምወርቅም እየሰበሰቡ ከአልጋቸው ሥር ባለው የቆርቆሮ ሻንጣ ይከቱት ነበር፤ ሻንጣውም ሲሞላ ሌላ ሻንጣ ገዙ።

የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለወንድማቸውም ደጋግመው ነግረውታል። ዝና አልነበረም፤ የተሣሉት ሰዎች መጥተው ራሳቸውን እንዲያዩ ነበር። ኦቦ ጣዲቻ ከጋሪያቸው ሥዕል ፊት ቆመው፣ ይሄማ እኔ ነኝ፣ ሲሉ ለመስማት ሠላሳ ዓመት ጓጉተዋል። ታዲያ ለምን አላሳዩም የሚል ቢኖር፣ ባለትዳር ሴት፣ የልጆች እናት፣ በዚያም ላይ መምህርት፣ የጎረቤቷን አህያ ሥላ ገበያ ብታወጣ ምን ይሏታል ብለው ነው። የሚባለውንም በሚገባ ያውቁ ነበር፤ በገዛ ሳሎናቸው ሲባል ሰምተውታልና።

ጡረታ እንደ ወጡ፣ በልጅነቷ ያስተማሯትና ራሷም መምህርት የሆነችው ሃያት አንድ ቀን ልትጠይቃቸው መጥታ ሻንጣዎቹን አየች። ‘ቲቸር፣ ይሄ እንዴት ከአልጋ ሥር ይኖራል?’ አለቻቸው፤ ትምህርት ቤቷም ሄዳ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ሥዕሎቹ በአዳራሹ እንዲሰቀሉ አስፈቀደች። ዘመኑ የ2015 ዓ.ም. ሁዳዴ ነበር። ሁለቱ ከሻንጣ እያወጡ፣ አቧራውን እያራገፉ፣ እያንዳንዱን በካርቶን ላይ እያጣበቁ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ገበያ በወጡ ቁጥር የሣሉትን ሰው ሁሉ እያስቆሙ፣ ከፋሲካ በኋላ እንዳትቀሩብኝ፣ ይሉ ጀመር፤ በዚያ ሰሞን ያያቸው ሁሉ ልጅ የሚድሩ ይመስለው ነበር።

መጋቢት አጋማሽ ላይ አቶ ሽመልስ ከፊልቱ ሲመለሱ መሪያቸውን እንደ ያዙ ልባቸው ቆመ፤ መኪናዋን ዳር አስይዘው ነው የሞቱት፤ ሙያቸውን እስከ መጨረሻው አልበደሉም። ተቀበሩ፤ ድንኳን ተጣለ። የዕድር ሰዎች እንደ ወጉ ሳሎኑን ባዶ አደረጉት፤ ለቅሶ ቤት ጌጥ አይሰቀልም፣ ሶፋ ላይ አይቀመጥም። ሶፋው፣ ቡፌው፣ ቴሌቪዥኑ ግቢ ወጣ፤ ሥዕሎቹም ከነካርቶናቸው ወጥተው አጥሩን ተደግፈው ተደረደሩ። ሌላ አገር ቢሆን አንድ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ ያይ ነበር። እኛ ግን ዝናብ ወቅት በወቅት ላይ ከድቶን፣ ከብቱ በየመንገዱ አልቆ፣ ሰማይ ማየት ትተን ነበር፤ በዚያ ዓመት በነገሌ ዝናብ ይመታብኛል ብሎ ዕቃ የሚሸፍን ሰው ቢገኝ ዕብድ ይባል ነበር። ስለዚህ በማውጣቱ ማንም አይወቀስም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ድንኳን ሥር የነበረው ሰው ሁሉ በኦሮምኛ ‘ሮባ! ሮባ!’ ብሎ ዝናቡን እየጠራ፣ ጋቢውን ከራሱ አውርዶ ወደ ዝናቡ ወጣ፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ሴቶች ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን ያዙ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በበሩ ትይዩ ፍራሽ ላይ፣ ጥቁር ለብሰው፣ በሴቶች መካከል ተቀምጠው ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ሰልስት ሳይወጣ ከፍራሹ አትነሣም። ከተቀመጡበት አጥሩ ይታያል፤ አጥሩን የተደገፈውም ይታያል። አምሀ ሮጦ ቴሌቪዥኑን አስገባ፤ ጎረምሶች ሶፋውን ተሸከሙ፤ ሌሎቹ የዱቄቱን ጆንያ አሸሹ። ወደ አጥሩ የሄደ የለም።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ሊነሡ ሞከሩ። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሴቶች፣ ሐዘንተኛ ራሱን መሬት ላይ እንዳይፈጠፍጥ እንደሚያዝ አድርገው ክንዳቸውን ያዟቸው። ‘ሥዕሎቼን አስገቡልኝ’ አሉ፤ በግልጽ ነው ያሉት፤ በዚያ ክፍል የነበረ ሁሉ ሰምቷል። ወይዘሮ እሙሽ ነጠላቸውን ሰብስበው የእኅታችንን አፍ ሸፈኑ፤ ‘የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ለወረቀት ትጮሂያለሽ? ወንዶቹ እንዳይሰሙሽ’ አሏቸው። ልጃቸው ሀይማኖትም፣ ‘እማዬ ተይ፣ ሰው ምን ይላል’ አለች። እርሷም ክፉ አይደለችም፤ ሰው ምን ይላል የሚለውን የተማረችው ከእናቷ ነው።

የዚያን ጊዜ አለቀሱ። የጀሪካኑ ቢጫ ወደ ወተቱ፣ የካልሲው ሰማያዊ ወደ አህያው እየፈሰሰ ከካርቶኑ ጫፍ ወደ ጭቃው ሲንጠባጠብ፣ ክንዳቸውን የያዙት ሴቶች አብረው እያለቀሱ አይዞሽ ይሏቸው ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ከተማ፣ ለባል ማልቀስ እንደ የዓለምወርቅ ነው እየተባለ ለሙሽሮች ይነገራል። ወንድማቸው ከሩቅ መንገድ ለሰልስቱ ነው የደረሰው፤ ይህን ሁሉ የሰማው ከራሳቸው አፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ነገሩት፣ ዳግመኛ አላነሡትም።

ክፋቱ በዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዝናቡ በለቅሶው ላይ ስለ መጣ፣ አቶ ሽመልስ ጻድቅ ነበሩና ነፍሳቸው ውሃ አወረደችልን ተባለ፤ አንድ ላም የተረፈችለት ሁሉ ከሊበን ገጠር ድረስ በእግሩ እየመጣ ሚስታቸውን አመሰገነ። እርሳቸውም ‘አሜን’ ይሉ ነበር፤ ሌላ ምን ይበሉ? የደረቁት ካርቶኖች በአርባው ተዝካር ለድስቱ እሳት ማያያዣ ሆኑ። መምህርት ሃያት መጥታ፣ ቲቸር እንደገና ይጀምሩ ብላ ስትለምናቸው፣ እስቲ እናያለን ብለው በትሕትና ሸኟት። ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልነኩም። ልጆቻቸው በሰጡት ወረቀት ላይ፣ ባለቤታቸውን እጅግ ከመውደዳቸው የተነሣ ከእርሳቸው ሞት በኋላ ሥዕል መሣል ተዉ ተብሎ ተጽፏል። ወንድማቸው ወረቀቱን ኪሱ የከተተው ሲያነበው እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ ነው።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ልጆቹ በማስታመም አይታሙም፤ ሐዋሳ ድረስ ወስደው አሳክመዋል፣ ተራ ገብተው አጥበዋል፣ አጉርሰዋል። እጃቸው ከተያዘ በኋላም ሦስቱ ተማክረው ትልቅ የውሃ ቀለም ሣጥን ከነወፍራም ወረቀቱ ከአዲስ አበባ አስመጥተው ከራስጌያቸው አኖሩላቸው። እጃቸው ደኅና በነበረበት ዘመን ሁሉ አንዲት ብሩሽ ያልገዛ ልጅ፣ እጃቸው ሲሞት ሣጥን ገዛ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ሣጥኑን በግራ እጃቸው ወደ ግድግዳው ገፉት። ልጆቹ፣ እማዬ ነገር መለየት ትታለች አሉ። በዚሁ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ትናንት ጠዋት በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ኃይሌ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ሥዕል አልተዉም። ከእነዚህ ሌላ ትተው የሄዱት እናንተን ነው፤ ኦቦ ጣዲቻ፣ ወይዘሮ ፋርሂያ፣ ቦኖው ላይ የምትሰለፉ፣ ጉሊት የምትቀመጡ፣ እዚህ የመጣችሁ ጎረቤቶች። ሁላችሁም ተሥላችሁ ነበር። ያን ቀን ፊታችሁን ወደ ሰማይ ሰጥታችሁ ዝናቡን ስትቀበሉ፣ ያው ፊታችሁ ከኋላችሁ አጥሩ ሥር እየታጠበ ነበር። እንደዚያ አድርጎ ያያችሁ አንድ ዓይን ነበር፤ እርሱም ትናንት ተከደነ።

እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ ማለትም ልማድ ነው፤ ወንድማቸው ግን ያን ጸሎት ዛሬ አይጸልይም፤ ሌላ ሰው ይጸልየው። እርሱ የሚለምነው ይህን ብቻ ነው፦ በሄዱበት አገር ሊነሡ ሲሉ ክንዳቸውን የሚይዝ፣ ሲናገሩ አፋቸውን የሚሸፍን አይኑር። አሜን።