በመዝገቡ ላይ አንድም ቀን ያልቀረችው ሰልጣኝ

የምስክር ቃል

ምስክር፦ ሴት፤ ስሟ በተለየ ወረቀት ታሽጎ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል
ዕድሜ፦ 33
ሥራ፦ በወጣቶች ማሰልጠኛ ማዕከል የመረጃ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከባቡር መሻገሪያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በር ቁጥር 12
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ሐሙስ ከጠዋቱ 4፡20፣ የምርመራ ክፍል፣ ቢሮ ቁጥር 6
ጉዳዩ፦ የ16 ዓመት ልጅ ተቆልፎባት ስለመገኘቷ

እኔ ከላይ ሥራዬና አድራሻዬ የተገለጸው ምስክር፣ የምናገረው ነገር እኔንም ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል መርማሪው ካስረዳኝ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ።

በማዕከሉ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ወደ እኛ የሚመጡት ትምህርት ያቋረጡ፣ ቤታቸው ያልተረጋጋ፣ ጎዳና ለመውጣት አንድ እርምጃ የቀራቸው ወጣቶች ናቸው። ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ሥራና ኮምፒውተር ይማራሉ። የእኔ ሥራ መምህራን በየቀኑ በወረቀት የሚይዙትን ስም መቆጣጠሪያ ወደ ኮምፒውተር ማስገባትና በየሦስት ወሩ ለረጂው ድርጅት የሚላከውን ሪፖርት ማዘጋጀት ነው። የተገኘ ሰልጣኝ «ተ»፣ የቀረ «ቀ» ይጻፍበታል። አንድ ሰልጣኝ ሦስት ቀን በተከታታይ ከቀረ ስሙ ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ይሆናል፤ በማግስቱም ቤቱ ድረስ ሰው ይላካል። ይህ ደንብ ለምን እንደወጣ ተጠይቄ፣ እነዚህ ልጆች የሚቀሩት በስንፍና ሳይሆን አንድ ነገር ሲደርስባቸው ስለሆነ ነው ብዬ መልሻለሁ።

ተበዳይዋ የልብስ ስፌት ሰልጣኝ ነች። ጓደኞቿ ድንቢጥ ይሏታል፤ ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ ስለማትረጋ ነው። አባቷ በሕይወት የለም። እናቷ ሌላ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ ልጅቷ የምትኖረው ከአባቷ እህት ጋር ነው።

የዛሬ ሃያ አራት ቀን፣ ሰኞ ዕለት ድንቢጥ ቀረች። ማክሰኞና ረቡዕም አልመጣችም። ሐሙስ ጠዋት ስሟ ቀይ ሆኖ አየሁት። ከእሷ ጋር በዚያ ሳምንት ስማቸው የቀላ በድምሩ አሥራ አንድ ነበሩ። አርብ ከቀኑ 9፡00 ገደማ አስተባባሪው ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሪፖርቱ ላይ የሚገባው በመጨረሻው ሳምንት የተገኙት ሰልጣኞች ቁጥር ነው። ከመቶ ዘጠና ካልሞላ ረጂው ድርጅት ውሉን እንደማያድስ ሁላችንም እናውቃለን፤ የእኛ ሰማንያ አራት ነበር።

«አሥራ አንዱን ተገኝተዋል በያቸው» አለኝ።

«ቀልተዋል እኮ። ሰው መላክ አለብን» አልኩት።

«እንልካለን። መጀመሪያ ቤቱ ይቁም። ቤቱ ከተዘጋ መቶ አርባውም ሰልጣኞች ሜዳ ላይ ናቸው፤ ያኔ የማንን በር ልታንኳኪ ነው?»

አስተባባሪው ክፉ ሰው ነው ብዬ ልመሰክር አልመጣሁም። ጣሪያችን ሲያፈስ ኮቱን አውልቆ ቆርቆሮ ሲመታ አይቼዋለሁ። የኮምፒውተሩን ቁልፍ የተጫነው ደግሞ የእሱ ጣት አይደለም፤ የእኔ ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስሞቹ አንድ በአንድ ከቀይ ወደ ጥቁር ተመለሱ።

ነገሩ የአንድ ሳምንት ብቻ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ግን አስተባባሪው የረጂው ድርጅት ሰዎች ለጉብኝት ስለሚመጡ፣ እስከዚያ ድረስ ከአሥራ አንዱ አንዳቸውም እንዳይቀሉ አዘዘኝ። እኔም በየቀኑ «ተ» እያልኩ ቀጠልኩ። ሰልጣኞች እትዬ መርፌ የሚሏት የስፌት መምህርት፣ ድንቢጥ ቤት ሰው ተልኮ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ሁለቱንም ጊዜ «ተይዟል» አልኳት። ምን ማለቴ እንደነበር ተጠይቄ፣ ምንም ማለቴ እንዳልነበር አስረድቻለሁ።

ከትናንት በስቲያ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 5፡10 ላይ የቢሮው ስልክ ጠራ። የድንቢጥ እናት ነበረች።

«የኔ እህት፣ ልጄ ትማራለች?» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የልጇን ድምፅ እንዳልሰማች፣ በደወለች ቁጥር አክስትየዋ አንዴ «ክፍል ናት»፣ አንዴ «ተኝታለች»፣ አንዴ ደግሞ «ስልኳ ተበላሽቷል» እንደምትላት ነገረችኝ። «እንዲያው ሆዴ ባር ባር ቢለኝ ነው የደወልኩት» አለች።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከድንቢጥ ስም ፊት ለፊት ከዚያ ሰኞ ጀምሮ አሥራ ስድስት «ተ» ተደርድሯል።

«አንድም ቀን አልቀረችም፣ እናቴ» አልኳት።

«ተመስገን! እንግዲያው ነገር የማበዛው እኔው ነኛ» ብላ ሳቀች። ሰው ሲጠራት ተሰማኝ፤ «መጣሁ!» ብላ ዘጋችው።

ይህን ስነግራት ልዋሻት አስቤ አልነበረም። ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ነው ያነበብኩላት። ማን እንደጻፈው ትዝ ያለኝ ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። የወረቀቶቹን ሳጥን አውርጄ የስፌት ክፍሉን መቆጣጠሪያ አወጣሁ። መምህርቷ የድንቢጥን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር «ቀ» ብላዋለች። ወረቀቶቹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ አስተባባሪው ሄድኩ።

አስተባባሪው ለጉብኝቱ ግድግዳ የሚቀቡትን ሠራተኞች ይቆጣጠር ነበር። እናትየዋ ያለችውን ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ነገ ጉብኝቱ ይለፍ፤ ሐሙስ በጠዋት እኔው ራሴ እሄዳለሁ» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወረቀቶቹን አምጪልኝ። እኔ ጋ ይቀመጡ» አለኝ። ቤት ረስቻቸዋለሁ አልኩት። በዚህ ጉዳይ ከተናገርኳቸው ውሸቶች የማልጸጸትበት ይኼኛው ብቻ ነው።

በቀጥታ ወደ ስፌት ክፍል ገብቼ ለመምህርቷ ሁሉንም ነገርኳት። ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ነው» አለችኝ። ተማሪዎቿን በጊዜ ለቀቀችና አብረን ወጣን።

ከቀኑ 8፡30 ላይ ከሰልባጅ ገበያው ጀርባ ወዳለው የአክስትየዋ ቤት ደረስን። ሰማያዊ የብረት በር ነው። ግቢው በልብስ ጆንያ ተሞልቷል፤ አክስትየዋ ገበያው ውስጥ ልባሽ ልብስ እንደምትሸጥ መምህርቷ ነገረችኝ። አክስትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እግሯን ደፍ ላይ ተክላ አናገረችን።

«ድንቢጥን ፈልገን ነው» አለቻት መምህርቷ።

«እናንተ ጋ አይደለች እንዴ?»

«ካየናት ሦስት ሳምንት ሆነን።»

አክስትየዋ አልደነገጠችም። ወደ ውስጥ ገብታ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ለየቤተሰቡ የላክነው ደብዳቤ ነበር። የማዕከሉ ማኅተም አለበት። ልጅቷ አንድም ቀን እንዳልቀረች ይገልጻል። ያተምኩት እኔ ነኝ።

«እኔ በየጠዋቱ አብልቼ እልካታለሁ» አለች። «ወረቀታችሁ ደርሳለች ይላል። ከጠፋች የጠፋችው ከእናንተ ግቢ ነው። እንዲያውም የወንድሜን ልጅ አምጡ!»

ይህን የምትለው ጎረቤት እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነበር። በሮች ተከፈቱ፤ ሰው ተሰበሰበ። አንዷ «እነሱ ናቸው እንዴ ያጠፏት?» ስትል ሰማሁ። በዚህ መሐል በገበያው ተረኛ የነበረው ፖሊስ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። አክስትየዋ ደብዳቤውን ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ማኅተሙን አየ፤ ወደ እኛ ዞረ።

«ይህ የመሥሪያ ቤታችሁ ወረቀት አይደለም?» አለ።

«ነው» አለች መምህርቷ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ሂዱና ግቢያችሁን ፈልጉ።»

አክስትየዋ በሩን መግፋት ጀመረች። በዚያች ሰዓት ያሰብኩትን ተጠይቄ፣ ስለ ሥራዬና ስለ ልጆቼ እንዳሰብኩ አልደበቅኩም። ከዚያ ግን ወረቀቶቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ «ደብዳቤው ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እውነተኛው ይኼ ነው» አልኩት። ፖሊሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዛቸው። የተሰበሰበው ሰው ዝም አለ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ከግቢው ጀርባ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ሄዶ ያቆማል፣ እንደገና ይነሳል። መምህርቷ ክንዴን ጨበጠችኝ። «ስትረግጥ እንደዚህ እያቆመች ነው። ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ!» አለች። ከዚያም ባለ በሌለ ድምጿ «ድንቢጥ!» ብላ ጮኸች። መኪናው ቀጥ አለ።

«እትዬ?» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ መጣ። «እትዬ፣ እዚህ ነኝ!»

ፖሊሱ ለአለቃው በሬዲዮ አሳውቆ ገባ፤ እኛም ተከተልነው። ከግቢው ጫፍ በቆርቆሮ የተሠራ መጋዘን አለ፤ ከውጭ ሁለት ቁልፍ ተቆልፎበታል። አክስትየዋ ቁልፉ ጠፍቷል አለች። ፖሊሱ ግን ከአንገቷ ክር ላይ አወጣው። በሩ ሲከፈት ድንቢጥ ዓይኗን በክንዷ ከልላ ወጣች፤ ብርሃኑ አላስችል ብሏት ነበር። ከበስተኋላዋ እስከ ጣሪያ የተከመረ ልባሽ ልብስ፣ አንድ የእግር መኪናና አንድ ፍራሽ አየሁ። የግራ እጇ ሌባ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሎ አብጧል፤ መርፌ ጥፍሯን በስቶት እንደነበር በኋላ ነገረችን። የተቀደደውን እየጠገነች፣ ሰፊውን እያጠበበች ሃያ ሦስት ቀን እዚያ ቆይታለች።

መምህርቷ ስታቅፋት በመጀመሪያ የተናገረችው፣ «ፈተናው አመለጠኝ አይደል?» የሚል ነው።

ከዚያ ፖሊሱ በገዛ ስልኩ ለእናቷ ደወለላት። ድንቢጥ «እማ» አለች። ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ የተናገረችው ጥቂት ነው። በመጨረሻ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችና፣ «ቅድም ከማዕከሉ ቢሮ ያናገረችኝን ልጅ አቅርቢልኝ ትላለች» አለችኝ። ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። እናትየዋ አልሰደበችኝም፣ አልረገመችኝም። ትንፋሿን ብቻ ነው የሰማሁት። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘጋ።

ትናንት ረቡዕ አስተባባሪው ለጎብኚዎቹ ምን እንደነገራቸው አላውቅም። እኔና መምህርቷ ከጠዋቱ 2፡00 ጀምሮ የቀሩትን የአሥሩን ሰልጣኞች ቤት ስናንኳኳ ውለናል። ዘጠኙን አግኝተናል። ሁለቱ ታመው ተኝተዋል፤ አንዷ ወልዳለች፤ አራቱ የቀን ሥራ ይዘዋል፤ ሁለቱ ደግሞ እንዲሁ ተስፋ ቆርጠው ቤት ተቀምጠዋል። አንደኛው በሩን ከፍቶ ሲያየን፣ «ማንም የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር» አለን።

አሥረኛዋን አላገኘናትም። የፀጉር ሥራ ሰልጣኝ ነች፤ ዕድሜዋ 17 ነው። ከግራ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ አላት፤ የፊት ጥርሷ የተሸረፈ ስለሆነ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አከራይዋ እንደነገሩን የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አገኝልሻለሁ ያለቻትን አንዲት ሴት ተከትላ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ወጥታለች፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። ወላጅ የላትም። ልጄ የት ናት ብሎ ወደ ቢሮዬ የሚደውል ሰው የላትም። እስከ ትናንት ድረስ በእኔ መዝገብ ላይ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትማር ነበር።

ስለዚህ ቃሌ ከመፈረሙ በፊት የእሷ ፍለጋ እንዲጀመር መርማሪውን ለምኛለሁ። መርማሪው ጽሑፉን አቋርጦ ስልክ ደውሏል። የምዝገባ ፎርሟን፣ ፎቶግራፏንና የአከራይዋን አድራሻ ከጠዋቱ 5፡45 ላይ አስረክቤአለሁ። በዚህ ጉዳይ በእኔ ላይ የሚወሰነውን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ እሷ እስክትገኝ ድረስ ግን በተጠራሁበት ሰዓት ሁሉ እመጣለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም፤ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 6፡05