ጋሽ ገብረየስና ያቺ የእንግሊዝ መንደር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጋሼ ባለቤት እትዬ እታፈራሁ፣ የመሥሪያ ቤታችን ጓዶች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ለዚህ ሐዘን የመጣችሁ ሁሉ! ታምሩ እባላለሁ። ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዛሬ የምንቀብራቸው የጋሽ ገብረየስ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ገብረየስ የእርሻ ባለሙያ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት እንግሊዝ ሄደው፣ ኤልምዊክ በምትባል የገጠር መንደር ሁለት ዓመት ኖረዋል። ያቺን መንደር የማያውቃት ማን አለ? ሐይቅ ዳር ዓሣ ስንበላ ኤልምዊክ፣ ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ ኤልምዊክ! አርባ ቤት፣ አንድ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ በቁጥቋጦ የታጠረ የስንዴ ማሳ፣ በግ፣ ጭቃ። "ገነት ነው እንዴ ጋሼ?" ስንላቸው፣ "ምን ገነት! ዝናቡ ሰው ያስለቅሳል። ደግሞ ጸጉሬን ያልነካ ልጅ አልነበረም!" ይሉን ነበር።

አንድ ነገር ግን ከልባቸው አልወጣም። የመንደሩ አስተዳደር መንገድ ሊያቀና ተነሣ። መንገዱ የሚያልፈው በአንዲት አሮጊት ጓሮ ነው። ጠየቋት። "አይሆንም" አለች። "መንገዱ ዞረላት እኮ! ለአንዲት አሮጊት ዞረላት!" ይሉ ነበር፣ ጠረጴዛ እየመቱ።

አምና ደግሞ የእኛ አገር መንደር ምሥረታ መጣ። ገበሬው ከየጓሮው ተነሥቶ በመስመር ይስፈር ተባለ። ችካል ጭነን ወጣን። ጋሽ ገብረየስ ችካሉን መሬት አስቀምጠው፣ እዚህ የቆሙትን ገበሬውን አቶ ኩማን ጠየቁ።

"ቤትዎ የት ቢሆን ይሻላል?"

አቶ ኩማ ሳቁ። "የሚጠይቅ መንግሥት ዛሬ አየሁ! እንሰቴ ካለበት ነዋ! እንሰት ጠዋት ማታ ካላዩት ያኮርፋል።"

ጋሽ ገብረየስ ይህንኑ ለበላይ አካል ጻፉ። ሰው ከእንሰቱ ከራቀ ይራባል ብለው ጻፉ። ስብሰባ ተጠራባቸው። "ጓድ፣ የእንግሊዟ አሮጊት ናፈቀችዎት?" ተባሉ። ማን ሳቀ? እኛ ሳቅን። ከቦታቸው ይነሡ ሲባል ማን እጁን አወጣ? እኛ። እኔም! ያውም ሰብሳቢው እስኪገርመው ድረስ ፈጥኜ።

ዕቃ ቤት ጠባቂ አደረጓቸው። አሥራ አንድ ወር። ሰላምታችን እንኳ ከሩቅ ሆነ። የሞቱት በልብ ሕመም ነው ተባለ። እሺ፣ በልብ ሕመም ይሁን።

እትዬ፣ አያልቅሱ አልልዎትም። ያልቅሱ፤ እኛም እንስማ።

ሰኞ ያን ቀን ችካል ሳይተከልበት የቀረው የአቶ ኩማ መንደር ተራ ነው። ችካሉን እንድተክል የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አልተክልም። የጋሽ ገብረየስን ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት እንደገና አስገብቻለሁ፤ ከስማቸው ሥር ስሜን ፈርሜ። ጓዶች፣ ቅጂው ኪሴ ውስጥ ነው። እስክሪብቶም ይዣለሁ። የሚፈርም ካለ፣ ስትወጡ የግቢው በር ላይ ታገኙኛላችሁ።

ጋሽ ገብረየስ፣ ያን የስብሰባ ቀን አንድ እጅ ሳይወጣ ቢቀር ይበቃዎት ነበር። አልቀረም። ዛሬ ስንት ሰው በሩ ላይ እንደሚቆም አላውቅም። ደህና ይሁኑ ጋሼ። እኔ እቆማለሁ።