ከቲሪል የተደበቀው ምርመራ

ልጅን ከልብ እየወደዱ እንዴት እንደሚበድሏት ማየት የፈለገ ሰው፣ ያን ዕለት ጠዋት ከእኔ ጋር መርከብ መሳፈር ነበረበት። የእኔ ጉዳይ እንኳ ሌላ ነበር፤ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ መነጽሬን ለማሠራት ከደሴታችን ወደ ከተማ መሻገሬ ነው። ቡናዬን ይዤ መስኮት አጠገብ ቦታ ስፈልግ ጎረቤቴን ጋሽ ኦስሙንድን ከልጃቸው ከኢንግሩንና ከልጅ ልጃቸው ከቲሪል ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ጋሽ ኦስሙንድ ዕድሜያቸውን በዓሣ ማጥመድ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ኢንግሩንን በልጅነቷ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በሳልሞን ዓሣ እርባታው ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ባሏ ወራት ሙሉ ባሕር ላይ ስለሚከርም ከአባቷ ቤት ነው የምትኖረው። ቲሪል ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅ፣ አሁን የእኔ ተማሪ ናት። ያን ቀን ሹራቧ ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም ነበር።

«መምህር!» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። «በከተማው የባሕር እንስሳት ማሳያ ያሉትን ፔንግዊኖች አይተዋቸው ያውቃሉ? ዛሬ እኮ እነሱን ልናይ ነው!»

«እሰይ! እንግዲያው በዚህ ደስታ አንድ ስቬለ ልግዛልሽ» አልኳት። በመርከባችን ላይ ትኩስ የሚጋገረውን ይህን ወፍራም ጣፋጭ ቂጣ የማይወድ ልጅ አላውቅም።

«አይቻልም። እማዬ ጭማቂ ብቻ ብላኛለች» አለችና አያቷን በቆረጣ አየት አደረገቻቸው። ከዚያም የባሕር ወፎቹን ለማየት ወደ ውጭ ሮጠች።

ኢንግሩን አንገቷን ደፍታ ነበር። ምን ሆናችኋል ብዬ ብጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፔንግዊን የለም፣ መምህር። ሆስፒታል ነው የምንሄደው። የምግብ መውረጃዋን ሊመረምሩላት ነው» አለችኝ።

«እሷስ ይህን ታውቃለች?»

«አታውቅም» አሉ ጋሽ ኦስሙንድ፣ እንደ ትልቅ ሙያ ደረታቸውን ነፍተው። «እንዳይነገራት ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ነገሩን ኢንግሩን አስረዳችኝ። ልጅቷ ከዓመት በላይ የዋጠችው አልወርድ ብሏት ኖሯል። የበላችው ደረቷ ላይ ይቆማል፤ ስትተኛ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። በቤታቸው ሳህኑን ያላራገፈ ልጅ ከገበታ ስለማይነሳ፣ ቅብጠት ነው እየተባለች ድንቹ እስኪቀዘቅዝ ተቀምጣ ትውላለች። በኋላ ሐኪሞች ሲያዩዋት ምግብ መውረጃው ከጨጓራ የሚገናኝበት ላይ ያለው ጡንቻ ጥብቅ ብሎ አልከፈት እንዳለ ጠረጠሩ። መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው፤ ግን ምርመራው ሳይሠራ ቢላዋ አናነሳም አሉ።

«በጸደይ ወስደናት ነበር» አለች ኢንግሩን። «ብስክሌት ልንገዛልሽ ነው ብለን። ክፍሉ ውስጥ ስትገባና ቱቦውን ስታይ ጊዜ በጩኸት ሕንፃውን አናወጠችው። እኔና ነርሷ ያዝናት። የነርሷን እጅ ነከሰች። ሐኪሙ በግድ አልሠራም ብሎ መለሰን። ከዚያ ወዲህ ወዴት እንሂድ ብላት አታምነኝም።»

ደሜ ፈላ። «እና ከዚህ ሁሉ ተምራችሁ ዛሬ ፔንግዊን አመጣችሁ?»

«ያኔ ያበላሸን ብስክሌቱን ሳንገዛ መመለሳችን ነው» አሉ ጋሽ ኦስሙንድ። «ፔንግዊኖቹን ግን ከምርመራው በኋላ በእውነት እናሳያታለን። ስለዚህ ውሸት አይደለም።»

«ጋሽ ኦስሙንድ፣ ይህን ለራስዎ እንኳ ደፍረው ይነግሩታል?»

«ስማኝ መምህር!» አሉ፤ ሲቆጡ እርስዎ ማለቱን ይተዉታል። «አንተ መጽሐፍ ታውቃለህ፣ እኔ ባሕር አውቃለሁ። ማዕበል እየመጣ ነው ተብሎ ለተሳፋሪ አይነገርም። ቢነገረው ምን ይፈይዳል? ይጮሃል እንጂ መቅዘፊያ አይይዝልህም። ልጅም እንዲሁ ናት። ፍርሃቱን ከሳምንት በፊት ለምን እንስጣት? ለአንድ ሰዓት ብትፈራ አይሻልም?»

«ተሳፋሪ ብትሆን ጥሩ ነበር! ግን ቲሪል ቀዛፊዋ ናት። ኢንግሩን፣ ምርመራው እንዴት ነው የሚሠራው? እስቲ ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

ኢንግሩን አባቷን ሳታይ ተናገረች። «ነቅታ ነው የሚሠራላት፣ አባባ። አፍንጫዋን በቅባት ያደነዝዙና ቀጭን፣ እንደ ስፓጌቲ ያለ ቱቦ በአፍንጫዋ አስገብተው እስከ ጨጓራዋ ያወርዱታል። እሱ ሲያልፍ መዋጥ ያለባት እሷ ናት። ከዚያ ቁጭ ብላ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይሰጧታል፤ ዋጪ ሲሏት ትውጣለች፣ ቆይ ሲሏት ትቆያለች። ቱቦው የጡንቻዋን ጉልበት የሚለካው እንደዚያ ነው። እያለቀሰችና እየተንፈራገጠች አይሆንም።»

«ሰሙ?» አልኩ። «ሐኪሙ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። የሚሠራው ከእሷ ጋር ነው። እናንተ ግን የሥራውን ባለቤት ሥራዋን ደብቃችኋት እየወሰዳችኋት ነው!»

ሽማግሌው እንደ መርታት ብለው ፈገግ አሉ። «እኔ በእሷ ዕድሜ እንጥሌ አብጦ ከተማ ወስደው አስቆርጠውኛል። አባቴ ቆብ ልግዛልህ ብሎ ነው የወሰደኝ። ይኸው ሞትኩ? እንደ በሬ ነው የኖርኩት!»

«ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄደዋል?»

«ሐኪም? ምን ሊያደርግልኝ!»

«ጥርስዎንስ ሲያምዎ?»

«ጥርሴን በገዛ ጉጠቴ እነቅላለሁ። ማንንም አላስቸግርም።»

ኢንግሩን ሳቅ አመለጣት። እኔ ግን አልሳቅኩም። «አባትዎ ቆቡን ገዙልዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ገዛልኝ። ሰማያዊ ነበር። ጥሩ ቆብ።»

«ለበሱት?»

ጋሽ ኦስሙንድ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ስንመለስ ባሕር ውስጥ ወረወርኩት» አሉ። «አባቴም ለምን አላለኝም።»

ከዚያ ኢንግሩን ተነሣች። «አባባ፣ እኔ ልነግራት ነው» አለች። ተይ ቢሏትም አልቆመችም። እኛም ተከትለናት ወጣን።

ቲሪል የመርከቡን አጥር ይዛ ነበር። እናቷ አጠገቧ ተንበርክካ፣ ወደ ፔንግዊኖቹ እንደማይሄዱ፣ የሚሄዱት ባለፈው ወደ ጮኸችበት ክፍል እንደሆነ ነገረቻት። የልጅቷ ፊት እንዴት እንደተለወጠ ባላየው እመርጥ ነበር።

«እንደ ብስክሌቱ?» አለች።

«አዎ፣ እንደ ብስክሌቱ። ዋሸሁሽ፣ የኔ ልጅ። ሁለት ጊዜ ዋሸሁሽ። ከዛሬ ወዲያ ግን አልዋሽሽም።»

ቲሪል ጀርባዋን ሰጠቻት። ነፋሱ ፀጉሯን ያወናጭፈዋል፤ እናቷም ጠበቀቻት። ይህን ጊዜ ጋሽ ኦስሙንድ በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ፣ «አየህ? አልኩህ እኮ!» አሉኝ። እኔም ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ልጅቷ ዞረችና መጠየቅ ጀመረች።

«ማን ነው የሚይዘኝ?»

«ማንም አይይዝሽም። እጄን ከፈለግሽ አንቺ ትይዢኛለሽ።»

«ቱቦውን መጀመሪያ ልንካው እችላለሁ?»

«እጠይቅልሻለሁ። የሚከለክሉሽ አይመስለኝም።»

«ያማል?»

«አፍንጫሽን ያቃጥልሻል፣ ጉሮሮሽን ይከረክርሻል፣ እንባሽም ይመጣል። ቶሎ ቶሎ ከዋጥሽ ግን ቶሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በማደንዘዣ ያስተኙሽና በትንሽ ካሜራ ውስጡን ያያሉ። ያኔ ምንም አይሰማሽም። ለዚህ ነው ከትናንት ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ ያልኩሽ፤ ጉሮሮሽ ባዶ መሆን አለበት።»

ልጅቷ ደነገጠች። አያቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ መልሳ አያቷን አየች። «አባባ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «ልንገራት?»

ጋሽ ኦስሙንድ አመድ መሰሉ።

«ምኑን ነው የምትነግሪኝ?» አለች ኢንግሩን።

«ገንፎውን። ጠዋት ጀልባ ቤቱ ውስጥ አባባ ገንፎ አበላኝ፣ በቅቤ። ለእማዬ እንዳትነግሪ አለኝ። አሁንም እዚህ ጋ ነው ያለው» ብላ ደረቷን በጣቷ ነካች።

ኢንግሩን ስትጮህ በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አባባ! ምን አደረጉ?»

«በባዶ ሆዱ ከእኔ ቤት መርከብ የተሳፈረ ሰው የለም!» አሉ ሽማግሌው። «የአባቴን ሬሳ ይዘን ስንሻገር እንኳ ገንፎ በልተን ነው። ልጅቷ ከስታ ከስታ ነፋስ ሊወስዳት ነው፤ አንቺ ጭማቂ ትያለሽ። እንዴት ይቻለኛል?»

«አትብላ ብዬዎት አልነበረም?»

«አትብላ አልሽኝ እንጂ ለምን እንደሆነ መች ነገርሽኝ?»

«በማደንዘዣ የተኛ ሰው አያስልም፣ አባባ! ያ ገንፎ ስትተኛ ተመልሶ መጥቶ ሳንባዋ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ትሞትብን ነበር። ትሞትብን ነበር እኮ!»

ጋሽ ኦስሙንድ የመርከቡን አጥር ያዙ። እኔም አልራራሁላቸውም፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። «ጋሽ ኦስሙንድ፣ ያስተውሉ» አልኳቸው። «በእርስዎ ምክር ሄደን ቢሆን፣ ልጅቷ ስለ ምርመራው አታውቅም፤ እናትየው ስለ ገንፎው አታውቅም፤ እርስዎ ስለ አደጋው አያውቁም። ሦስታችሁም በፍቅር ተደባብቃችሁ ልጅቷን እያሳቃችሁ ታስገቧት ነበር። አሁን ማን አዳናት? እውነቱን ሲነግሯት እውነቱን የመለሰችው እሷው ናት። ልጅ ምን ታውቃለች ይሉ የለ?»

ኢንግሩን ወዲያው ለሆስፒታሉ ደወለች። የመለሰችላት ነርስ አልተቆጣችም፤ እንኳን ነገራችሁን አለች። ዛሬ እንደማይሆን፣ ግን መጥታ እንድትተኛና ፈሳሽ ብቻ እየተሰጣት እንድታድር፣ ምርመራውም ነገ እንደሚሠራላት ነገረቻት። ኢንግሩን ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

ጋሽ ኦስሙንድ ያን ግዙፍ ሰውነታቸውን እየጎተቱ ልጅቷ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። «እናቴ» አሏት፤ ሲያቆላምጧት እንዲህ ነው የሚሏት። «ምስጢር ጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእናትሽ የሚደበቅ ምስጢር ዳግመኛ አልሰጥሽም።»

ቲሪል አሰብ አደረገችና፣ «እንግዲያው ተለማመድ» አለቻቸው። ከመርከቡ ሻይ ቤት ውኃ አስመጥታ አፋቸውን አስሞላች። «ቆይ! እንዳትውጥ! ቆይ... አሁን ዋጥ!» ሽማግሌው ቀድመው ዋጡ። «ተበላሸ! እንደገና!» ትላቸዋለች። ከተማ እስክንደርስ ድረስ አልለቀቀቻቸውም፤ እሳቸውም ጢማቸው በውኃ ርሶ አንዴም አላጉረመረሙም።

በማግስቱ ቱቦውን መጀመሪያ በእጇ ዳሰሰችው። እንባዋ ወርዷል፣ አስሏታል፤ የነርሷን እጅ ግን አልገፋችም። ሐኪሞቹ የፈለጉትን አገኙ፤ የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ። ዛሬ ቲሪል ምግቧ ይወርዳል፤ የሚያስቸግራት ነገር ሲኖርም ሳትደብቅ ትናገራለች፤ እንቅልፏ ሰላም ነው፤ ጉንጯ ሞልቷል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ምን ነካችሁ? ልጅ እንዳይፈራ ስትዋሹት ፍርሃቱን መቼ አስቀራችሁለት? ብቻውን እንዲፈራ አደረጋችሁት እንጂ። የተነገረው ልጅም ይፈራል፤ ግን ይጠይቃል፣ ይለማመዳል፣ ሐኪሙን ያግዛል፣ አለመጾሙን ይናገራል፣ ነገ ሲያመውም ወደ እናንተ ይመጣል። ያልተነገረው ልጅ ስድሳ ዓመት ሙሉ ጥርሱን በጉጠት ሲነቅል ይኖራል። በዕድሜው ልክ፣ በሚገባው ቃል ንገሩት። የማታውቁትን አላውቅም በሉት፤ የሚያመውን አያምም አትበሉት። ይህ የአንድ ምሽት ወግ እንጂ ሌላ ምን ያስወጣችኋል?

ጋሽ ኦስሙንድ ይህን ትምህርት ከእኔ ይልቅ ጠንክረው ያስተምሩታል። በደሴታችን ልጁን አታሎ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሊወስድ የተነሣ አባት ካለ ወደብ ድረስ ተከትለው ያዋርዱታል። የቀዶ ጥገናውን ዕለት የነገሩኝም ራሳቸው ናቸው።

ያን ጠዋት ቲሪል ሰፊውን የሆስፒታል ልብስ ለብሳ፣ የአያቷን እጅ ይዛ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሄደች። እዚያ ቆመችና ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ስነቃ ያመኛል?» አለቻቸው። ነርሷ ልትመልስ ስትል ቀደሟት።

«አዎ፣ እናቴ። ሆድሽ የተቀደደበት ቦታ ያምሻል። ማስታገሻ ይሰጡሻል፤ ቢሆንም ትንሽ ያምሻል። እኔና እናትሽ አጠገብሽ እንሆናለን።»

ቲሪል ዓይናቸውን ትኩር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፣ እጃቸውን ለቀቀችና በገዛ እግሯ ገባች።