እትዬ የሚመለከታቸው

የኀዘናችን ተካፋይ ልትሆኑ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ የእህታችንን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ቤት ውስጥ «አንቺ» እያልኩ ስጨቀጭቃቸው ብኖርም፣ ዛሬ በእናንተ ፊት በሚገባቸው ክብር «እሳቸው» እላቸዋለሁ።

እህታችን ከአናጢ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ የላይኛው ሰፈር አስፋልት አልቆ የታችኛው ሰፈር ጭቃ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ጠዋት ጠዋት ጄሪካን ተሸክመው ዳገቱን ከሚወጡት ልጃገረዶች አንዷ ስለነበሩ፣ ብዙ ቀን ትምህርት ቤት አርፍደው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በር ላይ ተንበርክከው አሳልፈዋል። ሆኖም በትምህርታቸው ጎበዝ፣ በምላሳቸውም ለማንም የማይመለሱ ስለነበሩ፣ ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በአስተዳደር ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ።

ከዚያም በማዘጋጃ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ከደረጃው ሥር ያለ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ የሚይዝ ጠባብ ቦታ ሲሆን፣ የሠራተኛው ሥራ ባለጉዳዩን «ይህ እኛን አይመለከትም፤ የሚመለከተውን አካል ይጠይቁ» ብሎ መሸኘት ነበር። ውሃ ቢሮ ወደ መንገድ ቢሮ፣ መንገድ ቢሮ ወደ ጤና ቢሮ ይመራዋል፤ ባለጉዳዩም ዞሮ ዞሮ እዚያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። እህታችን ይህን ጥቂት ከታዘቡ በኋላ ክፍሉን እየቆለፉ ከባለጉዳዩ ጋር ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመሩ፤ በየበሩም «ይመለከተኛል» እያሉ ስለሚገቡ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለሹፈት «እትዬ የሚመለከታቸው» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እሳቸው ግን ስሙን ወደዱት።

ባለቤታቸውንም ያገኟቸው በዚሁ አግዳሚ ላይ ነው። የፀጉር ቤታቸው በር በተቆፈረ ቦይ ተዘግቶባቸው አቤት ሊሉ መጡ፤ ጉዳያቸው አለቀ፤ ባለጉዳዩ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። በትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከሁሉ የከበዳቸው ዓመት የላይኛው መንገድ አዲስ አስፋልት የለበሰበት ዓመት ነበር። መንገድ ቢሮ ሲቆፍር ወደ ታችኛው ሰፈር የሚወርደውን ብቸኛ የውሃ መስመር ሰበረ፤ ውሃ ቢሮ ለመጠገን አስፋልቱን ልቁረጥ ቢል ገና አሁን ተሠርቶ አይነካም ተባለ፤ ሰፈሩ የወንዝ ውሃ ጠጣ፤ ጤና ጣቢያው የታመመውን እያከመ ወደዚያው ውሃ መለሰ፤ ትምህርት ቤቱም የቀሩትን ልጆች ከመመዝገብ በቀር ምንም አላደረገም። በዚህ መካከል የጎረቤታቸው ሕፃን ሞተች። እህታችን ከቀብሩ ሲመለሱ «አራት መሥሪያ ቤት ሆነን አንዲት ሕፃን ማዳን አቃተን» ብለው አምርረው አለቀሱ።

በሳምንቱ የአራቱን መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ለምነውም ተቆጥተውም በታችኛው ሰፈር ትምህርት ቤት ሰበሰቡ፤ ኃላፊዎቹም በሕፃናቱ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጡ። እህታችን የሰፈሩ ተወካዮችም በስብሰባው እኩል ድምፅ ይኑራቸው ሲሉ፣ የውሃ ኃላፊው ነዋሪ አስተያየት ይሰጣል እንጂ አይወስንም ብለው ከሥራ እንደሚያስባርሯቸው ቢዝቱም፣ እሷቸው «ሕፃኗን የቀበሩት እነሱ አይደሉም ወይ?» ብለው ፍንክች አላሉም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ተነሥተው ደገፏቸው፤ ሌሎቹም እየከበዳቸው ተከተሉ።

መስመሩ ተጠግኖ የመጀመሪያው ቦኖ የት ይተከል በተባለ ጊዜ፣ እህታችን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይሁን አሉ፤ ነዋሪዎቹ ግን አቅመ ደካሞች ከሚኖሩበት ከቁልቁለቱ ሥር ይሁን ብለው በድምፅ ረቷቸው። ቤት ገብተው ድስት ሲያጋጩ ሰነበቱ፤ የሚደፍራቸውም አልነበረም። ቦኖው ተከፍቶ አንዲት አሮጊት በገዛ ደጃፋቸው ላይ ውሃ ሲቀዱ ካዩ በኋላ ግን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «ልክ ናቸው» አሉ።

ስብሰባው በየወሩ ቀጠለ፤ ቢሮዎቹ ሳይነጋገሩ አንድ ድንጋይ መንቀል ቀረ፤ ልጃገረዶቹም በሰዓቱ ክፍል ገቡ። ይሁንና «እኔ የሌለሁ ዕለት ሁሉም ወደየቢሮው ገብቶ በሩን ይዘጋል» የሚለው ስጋት ጡረታ ከወጡም በኋላ አልለቀቃቸውም። የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው ወዲህ እንኳ ከየስብሰባው በፊት ስልክ ይደወልላቸው ነበር።

ባለፈው ወር ስልኩ አልጮኸም። ልታያቸው የመጣችው የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ስብሰባው መካሄዱንና ጎርፍ ለሚያስቸግራቸው ቤቶች መውረጃ ቦይ እንዲሠራ መወሰኑን ስትነግራቸው፣ እኛ በአልጋው ዙሪያ ያለነው እንዳይከፋቸው ሰግተን ነበር። እሳቸው ግን ማን ተከራከረ፣ ማንስ ተሸነፈ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ከዚያም «ሳይጠሩኝ ወሰኑ?» ብለው ዕንባቸው እየወረደ ሳቁ፤ «እንግዲህ እኔ ልረፍ» አሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በቤታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የዚህ ወር ስብሰባ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለኀዘኑ ክብር ይተላለፍ ብላችሁ ለጠየቃችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን እያቀረበ፣ ከዚህ በቀጥታ ወደዚያ እንድትሄዱ በአደራ ይለምናል። እኛን ነገ ታጽናኑናላችሁ። ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ እንደተመኙት ያሳርፍልን፤ አሜን።