ሰባት ቤት ያልተቆጠረለት አውራ

አባባ ኤጀታ ጆንያቸውን አንጠልጥለው፣ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከቀበና በላይ ያለውን ዳገት የወጡት እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ቀበሌ ስብሰባ በገባበት ሰዓት ነበር። አስበውበታል። በዚያ በደርግ ዘመን ከባሕር ዛፍ መሐል ገብቶ ጉድጓድ የሚቆፍር ሽማግሌ ከታየ፣ ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። በጆንያው ውስጥ የነበሩት ግን ሌላ ምንም ሳይሆኑ ተወልደው ሳያድሩ የሞቱ የአሳማ ግልገሎች ነበሩ።

«አባባ ኤጀታ! ምን እየቀበሩ ነው?»

ደንግጠው አካፋውን ጣሉት። ቀና ቢሉ የጎረቤታቸው የዘነበ ልጅ ውዴ ናት። ደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ተምራ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። ከስብሰባው ሾልካ መውጣቷ ከፊቷ ያስታውቅ ነበርና ሁለቱም ሲሰርቁ እንደተያዙ ሰዎች ተያዩ።

«አንቺስ? ስብሰባ የለም እንዴ?»

«ራሴን አሞኝ ነው፣ አባባ።»

«እግዜር ይማርሽ። እኔም ቆሻሻ ልጥል ነው የመጣሁት።»

ውዴ ግን ጎንበስ ብላ የጆንያውን አፍ ከፈተች። ግልገሎቹን እያገላበጠች አየቻቸው። አንዱ የኋላ እግሮቹ ተጣመዋል፤ የሌላው እምብርት እንደ እንቁላል አብጧል፤ የቀሩትም ከአይጥ ብዙም አይበልጡም።

«ባለፈው የተወለዱትም እንዲህ ነበሩ?»

«ያለፈው ትንሽ ይሻል ነበር። ያለፈው ያለፈው ደግሞ ከሱ ይሻል ነበር። የሰው ዓይን ነው ልጄ፣ ሌላ አይደለም።»

አባባ ኤጀታ ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ በቡዳ አላምንም የሚሉ ሰው ነበሩ። መከራ ሲበዛባቸው ግን የድሮው እምነት ሳያስፈቅድ ተመልሶ ይገባባቸዋል፤ በዚህም የሚፈርድባቸው ካለ እሱ መከራ ያላየ ሰው ነው።

የአሳማዎቹ ነገር እንዲህ ነው። አባባ ኤጀታ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ሚስዮን ዘበኛ ነበሩ። ፈረንጆቹ አገር ለቀው ሲሄዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ግልገል ለሚስታቸው ለእማማ በለጡ ሰጡ። እማማ በለጡ በአተላና በፉርሽካ አሳደጓቸው፤ አባዝተውም ለሆቴልና ለኤምባሲ ወጥ ቤቶች ይሸጡ ጀመር። ሰፈርተኛው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በአጥራቸው ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል፤ ለባለቤቲቱ ግን ሰላምታ ነፍጎ አያውቅም። ወንዱ ግልገል አድጎ አውራ ሲሆን «ፊታውራሪ» ብለው ነበር የሰየሙት። የቀበሌው ሊቀ መንበር «ይህ የፊውዳል ማዕረግ ነው» ብሎ ሲቆጣ፣ አባባ ኤጀታ በቅንነት «ጓድ» ብለው ለወጡት። ቁጣው ባሰ። ከዚያ ወዲህ አውራው ስም የለውም፤ «እሱ» ነው የሚባለው። እማማ በለጡ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከመንጋው የቀሩት «እሱ» እና አንዲት ሙሽሪት የምትባል ሴት ብቻ ነበሩ።

«የእነዚህ አባት ማነው?» አለች ውዴ።

«እሱ ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?»

«የሙሽሪት አባትስ?»

«እሱ።»

«የሙሽሪት እናትስ የማን ልጅ ነበረች?»

«እሷም የሱ ናት።» ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «የበለጡ ዘር ንጹሕ ነው፤ ባዕድ አልገባበትም። ጥሩ ዘር ከቤት አይወጣም ብዬ ጠብቄ ይዤዋለሁ።»

ውዴ ጆንያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አምና በግንቦት ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከውን ልጅ የመለሱት እርስዎ አልነበሩም?»

አባባ ኤጀታ ዓይናቸውን ሰበሩ። ከቀበና እስከ ኮተቤ ሁለት ልጆች ከመታጨታቸው በፊት ዘር እንዲቆጥሩ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

«በአምስተኛው ቤት ተገናኛችሁ፤ ምን ላድርግ? ሰባት ቤት ካልራቀ አይሆንም።»

«ስንት ቀን እንዳለቀስኩ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ልጄ። እናትሽ ነግራኛለች። እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ከለከሉን?»

«ለእናንተው ነዋ! ደም ከደም ሲገናኝ ልጅ አይበረክትም። የሚወለደው ይኮሰምናል፣ አካሉ ይጎድላል፤ አባቶቻችን በዓይናቸው አይተው ነው ይህን...»

እዚህ ላይ ወደ ጆንያው ተመለከቱ። ውዴም ብልህ ልጅ ነበረችና የቀረውን ለእሳቸው ተወችላቸው። ሽማግሌ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

«ሰውና አሳማ አንድ ነው እንዴ?» አሉ። «እንስሳ ይሉኝታ የለው!»

«ይሉኝታ የለውም፣ ደም ግን አለው። ይስሙኝ አባባ። ሰውም ይሁን እንስሳ የተደበቀ ድካም በደሙ ይዞ ነው የሚዞረው። ባዕድ ከባዕድ ሲዋለድ የአንዱን ጉድለት የሌላው ጤና ይሸፍንለታል። አባትና ልጅ ሲዋለዱ ግን ጉድለታቸው አንድ ነው፤ ማን ማንን ይሸፍናል? በትምህርት ቤት ያስተማሩን ይህንኑ እርስዎ የሚያውቁትን ነው። ሙሽሪት ግልገሎቿ ስለሞቱባት በሳምንት ውስጥ ተመልሳ ወንድ መፈለጓ አይቀርም። እባክዎ ከሱ ጋር አያገናኟት።»

«እና እሱን አውጥቼ የማን ልጅ እንደሆነ የማላውቀውን ላስገባ? በለጡ ልጅ አልወለደችልኝም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ከእጇ የቀረኝ ይኸው ዘር ነው። ባዕድ ቀላቅዬ እሷን ከግቢዬ ላጥፋት?»

«እማማ በለጡን እያጠፏቸው ያሉትማ አሁን ነው፤ በጆንያ ተሸክመው!»

ውዴ ይህን እንደተናገረች አፏን በእጇ ያዘች። አባባ ኤጀታ ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን ልጅቷ ላይ መቆየት አቃተው። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉና አካፋውን አነሱ።

«ነይ፣ አፈሩን አልብሺልኝ» አሉ።

በማግስቱ አባባ ኤጀታ በሙሽሪትና በአውራው መካከል በግንድ ጠንካራ አጥር አጠሩ። «እሱ» ሲያጉረመርም ዋለ። በሦስተኛው ቀን ከውዴ ጋር ሆነው ኮተቤ ወደሚገኘው ወደ ወዳጃቸው ወደ ዱጋሳ ሄዱ፤ እሱም እንደ እሳቸው አሳማ አርቢ ነው።

የዱጋሳ አውራ ጀርባው የተዘረጋ፣ እግሩ የጸና፣ ግርማ ያለው ነበር። ውዴ ባየችው ጊዜ እጇን አጨበጨበች።

«ይኸውልዎ አባባ! ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?»

አባባ ኤጀታ ግን እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዱጋሳ፣ ይህ የማን ልጅ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ግልገል ሆኖ ከጉደታ ላይ ገዛሁት፤ ያ ጎተራ ሰፈር የነበረው ነጋዴ።»

«ጉደታ? ጉደታ እኮ የሚገዛው ከበለጡ ነበር!» ቀረብ ብለው አውራውን ከጆሮው እስከ ጭራው መረመሩት። ግራ ጆሮው እንደ «እሱ» ወደ ፊት ታጥፏል። «አይሆንም። ወንድሟ ነው።»

ውዴ ፊቷ ጠቆረ። ሙሽሪት ወንድ ለመፈለግ አንድ ሁለት ቀን ነው የቀራት፤ በአካባቢው ደግሞ ሌላ አውራ የለም።

«አባባ፣ ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ... ከአባቷ ይልቅ ወንድሟ ትንሽ ይሻል ይሆናል...»

«ምን አልሽ?» አባባ ኤጀታ በበትራቸው መሬቱን መቱት። «አንቺን በአምስተኛው ቤት ያስለቀስኩ ሽማግሌ፣ ሙሽሪትን በመጀመሪያው ቤት ላሳልፋት? የአሁኑ ጊዜ ይለፋት! እስከሚቀጥለው ትጠብቅ። ዱጋሳ፣ አንተስ የዚህን አውራ ሴት ልጆች ለራሱ ነው የምትሰጠው?»

ዱጋሳ ራሱን አከከ። «ታዲያ ለማን ልስጥ? ለነገሩ ዘንድሮ የሚወለዱት ቀጫጫ ሆነውብኛል። ፉርሽካው ይመስለኝ ነበር።»

«ፉርሽካው አይደለም ወንድሜ፤ ቁጭ በል ላስረዳህ» አሉና ውዴ ዳገቱ ላይ የነገረቻቸውን፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት አስመስለው አስረዱት። ውዴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። በዚያች ቀን አስተማሪዋ ከተማሪዋ አንድ ነገር ተማረች፤ እውነትን የሚያውቃት ሰው ሲቸግረው ሊያላላት ይችላል፣ አዲስ የተቀበላት ግን ይጨክንላታል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተመካክረው ከደብረ ዘይት በኩል ከሚገኝ እርባታ ሁለት የማይዛመዱ አውራዎች አስመጡ። የእያንዳንዱ አውራ ሴት ልጆች ለአቅመ መውለድ ከመድረሳቸው በፊት አውራዎቹን ሊለዋወጡ ቃል ተገባቡ። «እሱን» ውዴ ራሷ ኮላሸችው። አባባ ኤጀታ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ለሥጋ ሊሸጡትም ሆዳቸው እምቢ አለ፤ «እኔም በጡረታ ነው ያለሁት፤ አብረን እንጦር» ብለው ጓሮ አስቀመጡት።

ለውጥ ማለት የአባቶችን እውቀት መናቅ የሚመስለው ካለ ይህን ይመልከት። አባባ ኤጀታ አዲስ ነገር አልጨመሩም፤ ለሰው ይሠሩበት የነበረውን ለአሳማዎቻቸውም ሠሩበት እንጂ። ከዚያ ወዲህ የትኛዋ አሳማ ከየትኛው አውራ እንደወለደች በቃላቸው ይይዛሉ። ልጅ እግሯን ሴት አሳማ አካሏ ሳይጠና ከአውራ ጋር አያገናኟትም። እናቲቱ ስትተኛ ግልገሎቿን እንዳትደፈጥጥ በጉረኖው ጥግ የእንጨት ከለላ ያበጃሉ። ግልገሉ በረከተ፣ ክብደቱም ጨመረ። ጆንያውም የፉርሽካ መያዣ ሆነ።

ሙሽሪት የወለደችው ሚያዝያ ላይ ነበር። ውዴ ከሥራ ስትመለስ አባባ ኤጀታን ከጉረኖው አጠገብ ተንበርክከው አገኘቻቸው። ግልገሎቹ ሁሉም በእግራቸው ቆመው፣ እርስ በርስ እየተጋፉ፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ እየወጣ ይጠባሉ።

«እንኳን ደስ አለዎት አባባ። በሉ እስቲ ይቁጠሩልኝ፤ የማን ዘር ናቸው?»

«አባታቸው የደብረ ዘይት ነው፤ ባዕድ፣ ግን ጨዋ» ብለው ጀመሩ። «እናታቸው ሙሽሪት። የሙሽሪት እናት፣ ያች ባለ ጥቁር ነጥቧ። የሷም እናት፣ ፈረንጆቹ የሰጡን።» አንዱን ግልገል አንስተው በጋቢያቸው አቀፉት፤ እየተራገጠ ጮኸባቸው።

«በእናታቸው በኩል» አሉ እንባቸው እየወረደ፣ «የበለጡ ናቸው።»