ጣሪያዋ የሚታጠፈው ቀይ መኪና

ከልጅነቴ ጀምሮ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ባለሁለት ወንበር መኪና ስመኝ ነው የኖርኩት። አማኑኤል ከተማ አንድ ጡረተኛ አሮጌ ቀይ መኪናቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል ብሰማ፣ ባለቤቴን ሰናይትን ይዤ ከደብረ ማርቆስ ከነፍኩ። ሰውዬው ጋሽ ይርጋ ይባላሉ። ግቢያቸው ስገባ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቀለሟ ያብለጨልጫል፤ ሞተሯም ቁልፉ እንደዞረ ተነሳ። «በቃ፣ ይቺን ነው የምወስደው! ነገ ባሕር ዳር ድረስ እንነዳታለን» አልኩ። ሰናይት ግን «እስቲ መጀመሪያ ልቀመጥባት» ብላ ገባችና እግሯን ዘረጋች። ወዲያው ቋ! የሚል ድምፅ ሰማን። «ኧረ በማርያም! እግሬ መሬት ነካ!» ብላ ጮኸች። ምንጣፉን ገልጠን ብናይ ወለሉን ዝገት በልቶ ጨርሶታል፤ የግቢው ሣር ወለል ብሎ ይታያል። አስፋልት ላይ እየበረርን ቢሆን ኖሮስ ብዬ እያሰብኩ ደግፌ አወጣኋት። እግሯን አገላብጬ አየሁት፤ ጭረት እንኳ የለውም። ተመስገን አልኩ።

ጋሽ ይርጋም ደንግጠው «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ይሄን አላወቅሁም» አሏት። ትንሽ ቆይተው ግን ፊታቸው ፈካ። «እውነቱን ልንገራችሁ? ልጆቼ ካልሸጥካት ብለው አስጨንቀውኝ እንጂ፣ እኔስ ልለያት አልፈልግም ነበር። እንግዲህ ማን ይገዛታል!» አሉና ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ምሳ ሳንበላም አልለቀቁንም።

በሚኒባስ ስንመለስ ሰናይት «ከፋህ እንዴ?» አለችኝ።

«የምን መክፋት! አንቺን ከነእግርሽ ይዤ እየገባሁ!» አልኳት።